ጀርባዬን ላለመስጠት

ንፋስ መውጫ ላይ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት በከፈትኩ በዓመቱ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ያለኝ አንድ ኮምፒውተር ከጀርባው ጭስ ጭስ ሸተተና ጸጥ አለ። የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ነበር፤ ከግድግዳው የሚመጣውን ኃይል ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን። ያገለገለ ምትክ ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ አስመጣሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የራሴ ሥራ አልነበረም። አንድ አረጋዊ መሪጌታ የሟች መምህራቸውን ቅኔ ዐቢይ ጾምን ሙሉ እየተመላለሱ በቃላቸው አጽፈውኝ ነበር። «መርሳት ጀምሬያለሁ፤ ሳልረሳው ጻፊልኝ» ነበር ያሉኝ። የጻፍኩት እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ አንድ ገጽ እንኳ አላተምኩም።

ጥገናውን በጀመርኩበት ቀን መሪጌታው መጡና በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ፣ ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀመጡ። ክዳኑን ፈታሁ። ፓወር ሰፕላዩን ከማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ነገር ከሚሰካበት ከሰፊው ሰሌዳ፣ የሚያገናኙት ሁለት ረዣዥም መሰኪያዎች ናቸው። ጎን ለጎን ይገባሉ፤ መልካቸው አንድ ነው፤ የሚለዩት በሽቦዎቻቸው ቀለም ብቻ ነው። ቦታ ከተለዋወጡ ሰሌዳው እንደሚቃጠል አሠልጣኛችን አስጠንቅቆናል። እኔም ጠንቃቃ ነኝ ባይ ነኝና «ብርቱካናማው ግራ፣ ሦስቱ ቀያዮች ቀኝ» ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩና አሮጌውን ነቀልኩ።

በዚህ መሃል የከተማችን ነፋስ በበሩ ገባ። መሪጌታው ጋቢያቸውን ሰብስበው ከኋላዬ ወዳለው አግዳሚ ተዛወሩ። አሁን ጀርባዬን ልሰጣቸው ነው! እናቴ ብታየኝ ምን ትላለች? ጠረጴዛውን ዞሬ በበሩ በኩል ቆምኩና ፊቴን ወደ እሳቸው አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። አዲሱን ሳጥን አስገባሁ፣ ወረቀቴን እያየሁ ሁለቱን መሰኪያዎች ሰካሁ፣ እጄን ወደ ማብሪያው ዘረጋሁ።

«ቆይ እስኪ ልጄ» አሉ። ብራና ጸሐፊ ናቸውና ቀለም ከዓይናቸው አያመልጥም። «ቅድም ስትነቅያቸው ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሃል ላይ ተጠጋግተው ነበር። አሁን ምነው ዳርና ዳር ወጡ?»

ወረቀቴን አየሁ፣ መሰኪያዎቹን አየሁ፤ እንደ ጻፍኩት ነው። የቆምኩበትን ሳይ ግን ገባኝ። ጠረጴዛውን ስዞር ግራዬ ቀኝ ሆኗል። አሠልጣኙ «ጥቁር ከጥቁር ጎን ይሁን» ሲል የነበረውንም፣ ወረቀቴን አምኜ፣ ረስቼዋለሁ።

«ጀርባዬን እንዳልሰጥዎት ብዬ ነው የዞርኩት፣ የኔታ» አልኩ።

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እኔን አከብራለሁ ብለሽ መምህሬን ልታቃጥያቸው?» አሉና ተነሡ። አግዳሚውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። «በይ፣ አሁን ጀርባ የሰጠሁ እኔ ነኝ። ቦታሽ ተመለሺና ሥሪ።»

ጀርባ ለጀርባ ሆነን ሠራሁ። ጥቁሮቹን መሃል ላይ አገናኘሁ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አየኋቸው። ማብሪያውን ስጫን ማራገቢያው ዞረ፤ ትንሽ ቆይቶም ኮምፒውተሩ ደህና ሲነሣ እንደሚያደርገው «ጢጥ» አለ። ያን ቀን ከዚያች ድምፅ የበለጠ የጣመኝ ነገር የለም።

«ተነሣ?» አሉ ሳይዞሩ።

ጽሑፉን ከፈትኩና ከመካከሉ ማንበብ ጀመርኩ። ግእዝ አላውቅም፤ እንደ ጋዜጣ ነው የማነበው። «እዚያ ላይ ድምፅሽን አንሺው» አሉኝ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ፤ ቀጥለውም የሚከተለውን ስንኝ ከእኔ ቀድመው አሉት። እንዲህ እየተቀባበልን ጥቂት ሄድን። አንድ ቦታ ላይ ስንኙን እስኪቀበሉኝ ዝም አልኩ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የለም። ብቻዬን አነበብኩት።

«ድገሚልኝ» አሉ፣ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው እያነሡ። «ይህችን ረስቻት ነበር።»