ዘመድ አይቆጠርም

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ጠጋ በሉ» ብሎ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ ከአፉ የማይለየው ቃል ይኸው ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሰፈራችን የእግር ኳስ ክለብ ቆመው የሚያዩትን ሰዎች በር አስጠበቀው። ቦታው ወንበር የሌለው፣ ሰው ቆሞ የሚጮህበት የሲሚንቶ ደረጃ ነው። አጎቴ እዚያም የአውቶቡሱን ሥራ ቀጠለ። ሞልቷል ሲሉት «ልብ ካልጠበበ ቦታ አይጠብም» ይልና አንዱን በትከሻው ገፋ አድርጎ ያስገባል። ለእሱ ደረጃው ሞላ የሚባለው ክንዱን ማንሳት ሲያቅተው ነው። ክንዱ ደግሞ የጉልበተኛ ክንድ ስለሆነ በቀላሉ አያቅተውም።

ሌላ ከተማ ውስጥ በግፊያ ሰው መጎዳቱ ሲሰማ የክለባችን ኮሚቴ ደረጃው ላይ ወንበር ይተከል አለ። አጎቴ እህል አልበላ አለ። «ተቀምጦ የሚደግፍ ሰው ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው» እያለ በየሱቁ በራፍ ተሟገተ። ወንበር ከመጣ ትኬቱም ይወደዳል፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ አብረውት የቆሙት ጫማ ሰፊውና ግንበኛው የት ሊገቡ ነው? ይህን ሲያነሳ ድምፁ ይሰበር ነበር። ያ ደረጃ ሁለተኛ ቤቱ ነው።

ኮሚቴው መሐንዲስ ላከ፤ ቀጠን ያለች ልጅ ናት። አጎቴ ሊያስቃት ሞከረ፣ አልሳቀችለትም። ደረጃውን ስትለካ ዋለችና ወደ በሩ መጣች።

«አባባ፣ መቆም ሰው አይገድልም፤ መታጨቅ ነው የሚገድለው። ይሄ ደረጃ ስድስት መቶ ሰው ይችላል። እሑድ ስድስት መቶ ላይ በሩን ከዘጉልኝ፣ ወንበር አያስፈልግም ብዬ እፈርማለሁ።»

«አንድ ሰው ቢበልጥስ?»

«ወንበር ይገባል።»

«ቃሌ ነው» አላት። በጣት ሲጫኑት ቀጭ የሚል መቁጠሪያ ሰጠችው።

እሑድ ዕለት አጎቴ ሌላ ሰው ሆኖ ዋለ። እያንዳንዱን ሰው ቀጭ እያደረገ አስገባ፤ ስድስት መቶ ሲሞላ በሩን ጠረቀመው። የክለቡ ሊቀ መንበር ሾፌር ቢለምነው አልሰማውም። «ጠጋ በሉ» ሲል የኖረው አፍ በዚያ ቀን «ዞር በሉ» አለ።

መሐንዲሷ ከማዶ ጣሪያ ላይ ፎቶ አንስታ ራስ በራስ ቆጠረች። በእረፍት ሰዓት ውሃ ልገዛ በሩ ጋ ስደርስ ከአጎቴ ጋር ተፋጥጠው ነበር።

«ስድስት መቶ ሃምሳ ሁለት ነው» አለችው።

«ፎቶሽ ዋሽቶ ነው፤ ይኸው መቁጠሪያሽ።»

«ሌላ በር አለ?»

«የለም። የቤተሰብ በር ነው ያለው፣ ከሣር ማጨጃው ክፍል ጀርባ።»

አንገቴን ደፋሁ። ከእናቴ፣ ከአክስቶቼና ከአማቾቻችን ጋር የገባነው በዚያው ነው።

«እነሱን አልቆጠሯቸውም?»

አጎቴ ግራ ገባው። «ዘመድ ይቆጠራል እንዴ? የኔ ሰዎች እኮ ናቸው።»

ሊያታልላት ፈልጎ አይደለም፣ እምላለሁ። እኛ ቤት እንግዳ እንጂ ቤተሰብ ተቆጥሮ አያውቅም።

«የት ነው የሚቆሙት?»

«ከታች፣ ከፊተኛው ብረት ጋ። ጥሩውን ቦታ ለነሱ ነው የምይዘው» አላት ደረቱን ነፍቶ።

እናቴ አጠገብ ተመልሼ ብዙም ሳልቆይ ጎል አገባን። ደረጃው ላይ ያለው ሰው እንዳለ ወደ ታች ተንደረደረ። የእናቴ ደረት ብረቱ ላይ ተለጠፈ፤ አፏ ተከፍቶ ድምፅ አልወጣትም። ልደርስላት ብሞክር ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። አሥር ሰከንድ ያህል ቢሆን ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሳስበው እፈራለሁ። ግፊያው ሲላላ አጎቴ ሰው እየጣሰ ደረሰ።

እናቴ ትንፋሿ ሲመለስ «ጎሏን አየሃት?» አለችው።

አላያትም። ፊቱ አመድ መስሏል። «ያ ሁሉ ሰው አንቺ ላይ ነው የተደገፈው፣ እታለም» አላት፤ ታላቅ እህቱ ናት።

ወደ መሐንዲሷ ሄዶ «ቃሌን በልቻለሁ፣ ወንበሩን ትከሉ» አላት። እሷም ፊቱን አየት አደረገችና «አንድ እሑድ ልጨምርልዎ» አለችው።

በሚቀጥለው እሑድ የቤተሰብ በር ተበይዶ ጠበቀን። ያስበየደው እሱ ራሱ ነው። እናቴ እንደ ልማዷ ስትዘገይ ስድስት መቶው ሞልቶ ነበር።

«ክፈት እንጂ።»

«ሞልቷል፣ እታለም።»

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አንቺ ስለሆንሽ ነው» አላት።

እስኪወጣላት ረግማው ሄደች። ፎቶው ስድስት መቶ ሰው አሳየ። ወንበሩ ቀረ፤ በየእርከኑ የብረት መደገፊያ ብቻ ተጨመረ። እናቴ ግን ሦስት ሳምንት አኮረፈችው። በአራተኛው እሑድ፣ ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ሳለ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትኬቷን ይዛ በሩ ላይ ተገተረች። ከኋላዋ ማንም የለም። አጎቴ ቀና ብሎ አላያትም። መቁጠሪያውን ቀጭ አደረገና «አንድ» አለ።