ቤቷን እናውቀዋለን

ተማሪ ሲኮርጅ እኛ መምህራን ዝም ማለታችንን ነቅፌ ፌስቡክ ላይ ጻፍኩ። አንዱ በተደበቀ ስም ከሥሩ «አርፋ ካልተቀመጠች ቤቷን እናውቀዋለን» አለ። በማስተምርበት አምቦ ከተማ ዘመድ የለኝም። ፖሊስ ጣቢያ አብረውኝ የሄዱት ጎረቤቴ ናቸው፤ ኦቦ እያልኩ የምጠራቸው፣ ድንገት ብታመም እንዲከፍቱልኝ ትርፍ ቁልፌን የሰጠኋቸው ጡረተኛ።

በወረቀት አምጪ ስለተባልኩ አስተያየቱን ላይክ ካደረጉት ሰዎች ዝርዝር ጋር ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜዋለሁ። ዝርዝሩን ግን አላነበብኩትም።

ፖሊሱ አየው። «አቃጥለዋለሁ ቢል ዛቻ ነው፤ ክስ ይከፈት ነበር። ቤት ማወቅ ግን አያስከስስም።»

«ታዲያ ሊጠይቀኝ ሊመጣ ነው?» አልኩ ደሜ ፈልቶ። «እነዚህስ የወደዱለት?»

ስሞቹን ጮክ ብሎ አነበበ። ሦስተኛው የጎረቤቴ ስም ነበር። አንገታቸውን ደፉ።

«ላይክማ ጭራሽ አያስከስስም» አለ ፖሊሱ ወረቀቱን እየመለሰልኝ።

ባጃጅ ውስጥ «ልጄ፣ ቀልድ መስሎኝ ነው» አሉኝ። የቤቴ በር ላይ ስንደርስ እጄን ዘረጋሁ፤ ቁልፉን አስረከቡኝ።

ሕጉ ልክ ነው፤ ማንም አልዛተብኝም። በዚያው ክረምት ታምሜ ሦስት ቀን ስተኛ፣ ሁለቱም ቁልፎች ከውስጥ ነበሩ።