ሁለተኛው ጆይስቲክ

በሁለት ወር ደሞዜ የገዛሁት ጌም ፊት ልጄ ማዳመጫ አድርጎ ብቻውን ይጫወታል። የጋለው ማሽን ሽታ በልጅነቴ መናኸሪያ አካባቢ ወደነበረችው ጠባብ ፕሌይስቴሽን ቤት ወሰደኝ።

እዚያ የሚከፍለው የተሸነፈ ነበር። አንድ እሑድ ከቸርች ቀርቼ ስጫወት አባቴ ሊያስወጣኝ መጣ። አላስወጣኝም፤ ከጎኔ ተቀምጦ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሳ። አራት ጊዜ ተሸነፈ፣ አራት ጊዜ ከፈለ።

«አባዬ፣ ይበቃል፤ ብርህ አለቀ» አልኩት።

«ሐይቅ ዳር ዓሣ ስጋብዝህ አንድ ቃል አትተነፍስም። እዚህ ስታሸንፈኝ ትስቃለህ። ይሄ ርካሽ ነው» አለኝ።

አሁን ከልጄ ኋላ እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። «ልግባ?» ልለው እልና እተወዋለሁ። ሁለተኛው ጆይስቲክ እስከዛሬ ከነላስቲኩ ነው።