ሐይቅ ዳር የወደቀው አባ ኮዳ

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ባቱ ሐይቅ ዳር አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ እግሩ በመረብ ክር ተተብትቦ ሲወድቅ ሲነሳ አገኘሁ። ለመብረር በሞከረ ቁጥር ክሩ ሥጋው ውስጥ ይገባል።

ሰው ማናገር ይከብደኛል። ቢሆንም አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጋ ሄጄ «አባባ፣ ይርዱኝ» አልኳቸው።

«ነጠላሽን ፊቱ ላይ ጣይበት። ካላየሽ አይፈራም።»

«የምፈራው እኔ ነኝ» ስላቸው ሳቁ።

ጣልኩበት፤ ጸጥ አለ። እኔ ክንፉን ስይዝ እሳቸው «ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በይ» እያሉ ክሩን በቢላ ቆረጡት። (ነጠላው አሁን ምን እንደሚሸት አትጠይቁኝ፤ እማዬም ገና አላወቀችም።)

ወፉ ትንሽ አነከሰና በረረ።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ ቆሜ አባዬ ከጀልባ እስኪወርድ እጠብቀው ነበር። ዓሣ ሲያጸዳ አባ ኮዳዎቹ ይከቡናል፤ እሱም «የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፣ አትፍሪ» ይለኛል። ካረፈ ወዲህ ወደ ሐይቁ አልወርድም። ዛሬም የወረድኩት መንገድ ለማሳጠር ነበር።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ ሽማግሌው። የአባዬን ስም ነገርኳቸው።

ቢላቸውን እየጠረጉ «አንቺን ዳር ላይ ቆመሽ ሲያይ ቶሎ ቶሎ ይቀዝፍ ነበር» አሉኝ።

ይህን አላውቅም ነበር።

እናንተስ፣ ስለ ወላጆቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከሌላ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ባልመልስም ሁሉንም አነባለሁ።