የተወለወሉ ጫማዎች

ሳጅን በላይነሽ መቂ ላይ የተሰረቀውን የውሃ ፓምፕ ማን እንደወሰደው ማወቅ ነበረባት። ተጠርጣሪውን የቀን ሠራተኛ አብተውን ከአምስት ሰዎች ጋር አሰለፈችና የፓምፑን ባለቤት ጋሽ ጃዕፈርን ጠራች። የመለየት ሰልፍ ግሩም ዘዴ ነው፤ ሰልፈኞቹ በሁሉም ነገር ከተመሳሰሉ ምስክሩን የሚመራው ትውስታው ብቻ ነው።

ጋሽ ጃዕፈር አብተውን ጠቆሙ፤ ተፈረደበት።

ከወራት በኋላ የሰልፉን ፎቶ ስታይ ደነገጠች። አምስቱ ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ነበሩ፤ ጫማቸው ተወልውሏል። ኮንጎ ጫማ ያደረገው አብተው ብቻ ነበር።

ጋሽ ጃዕፈርን ልትጠይቅ ከአዳማ መቂ ሄደች። «ሌባውን በፊቱ ነው የለዩት?» አለቻቸው።

«ጀርባውን እንጂ ፊቱን የት አይቼ! ታዲያ ፖሊስ ሰረቀኝ ልበል?»

አሁን ይህንኑ የአብተውን ይግባኝ ለሚሰማው ችሎት እንዲናገሩላት እየለመነቻቸው ነው። እሳቸው ስልኳን ማንሳት ስለተዉ ዛሬም ከአዳማ መቂ ተሳፍራለች።