የጧፉ ሰም

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የጧፍ ሰም ሲሸተኝ እንጅባራ የነበረው የአባባ ጋራዥ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ለሞተር ሳይክል ውድድር ይዘጋጅ ነበር። አባባ ክፍተቱን ለመለካት ከጧፍ የላጡትን ሰም ፒስተኑ አናት ላይ ለጥፈው የሞተሩን ክዳን ገጠሙና በእጃቸው አዞሩት። ሲከፍቱት ሰሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል።

«ክዳኑን ሊነካ ምንም አልቀረው። ብረት ሲግል ይለጠጣል፤ ከክዳኑ ስር ወፍራም ጋስኬት እናስገባ» አሉ።

«የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል አባባ። እንዲሁ ይሁንልኝ፣ በሞቴ!» አለ ወንድሜ።

አባባ ጋስኬቱን ሳይቀይሩ ብሎኑን አጠበቁ።

በውድድሩ ቀን፣ ወደ አዲስ ቅዳም ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሁሉን ቀድሞ ሲበር፣ ሞተሩ በድንገት ተቀርቅሮ ወንድሜን አስፋልቱ ላይ ጣለው። አልተነሳም።

ዛሬ ሙት ዓመቱ ነው። ለአባባ ጧፍ ሰጠኋቸው፤ አላበሩትም። ሰሙን በጣቶቻቸው እየተጫኑ አሳሱት፣ አሳሱትና ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት።