የመጀመሪያው ዱቄት

ወንዶች ተሰብስበው ስለ አዲስ ነገር ሲፈርዱ ስሰማ ያቅለሸልሸኛል። ያስለመዱኝ አባቴና ሦስቱ ጓደኞቹ ናቸው።

አባቴ አራዳ ገበያ አጠገብ አቡጀዲ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ከወሎ አብረውት የመጡት ሦስቱ ነጋዴዎች ከዙሁር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ይሰበሰባሉ፤ ምሳቸው ከቤታችን ይሄዳል። የሚጎርሱት እነሱ፣ የምንፈጨው እናቴና እኔ። ከአገር ቤት የሚመጣው እንግዳና የሱቁ ሠራተኛ ሲጨመርበት ወፍጮው ሥር ሳንንበረከክ የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም። የእናቴ የቀኝ እጅ አንጓ አብጦ ጣቶቿ መደንዘዝ ጀምረው ነበር። መጁን ስትገፋ ከንፈሯን ትነክሳለች። ልተካት ስል፣ "አንቺም እንደኔ ልትሆኚ ነው?" ትለኝና ታባርረኛለች።

በዚያ ሰሞን ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ አንድ ግሪክ የሞተር ወፍጮ ተከለ። ጎረቤታችን አይታው መጥታ፣ እኛ ግማሽ ቀን የምንታገለውን እህል ወጥ እስኪበስል ድረስ እንኳ አይቆይበትም አለችን። እናቴ ደግማ ደጋግማ አስነገረቻት። ለአባቴ እራት ስታቀርብለት ፈራ ተባ እያለች፣ "እህሉን በወፍጮ ቤቱ ቢያስፈጩልኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ" አለችው። እጁን ታጥቦ ተነሣ።

በማግሥቱ ምሳ ይዤ ስሄድ ልመናዋን ለጓደኞቹ መሳቂያ አድርጎት አገኘሁት።

"ሴቶቹ ታዲያ ምን ሊሠሩ ነው? ሐሜት?" አለ አንዱ።

"ፈረንጅ ባቡር ሠራ፣ እሺ። መድፍ ሠራ፣ እሺ። ለዱቄት ደግሞ ሞተር?" አለ ሁለተኛው።

"ነገ የሚያኝክልን ያመጣልን የለ!" አለ ሦስተኛው፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ።

አባቴ ፍርድ አዋቂ መምሰል ይወዳልና፣ "ሳይቀምሱ መፍረድ ደግ አይደለም" ብሎ ሁለት ቁና ስንዴ አስፈጭቶ ወደ ቤት ላከ። እናቴ ዱቄቱን በጣቶቿ መካከል አሸት አሸት አደረገችው። "ድንጋዩ ገና መወቀሩ ነው" አለች። የወፍጮ ድንጋይ ተበልቶ ሲለሰልስ እንዲሻክር በብረት ይወቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ዱቄት ጠጠር ስላለው ለዶሮ ይበተናል እንጂ አይበላም። ይህን የማታውቅ ሴት በሰፈራችን አልነበረችም።

"ይኼ የመጀመሪያው ነው፤ ሌላ ያስፈጩና ይቅመሱ" አለችው።

"ሰበብ አታብዢ፤ ጋግሪው።"

ጋገርነው። ቂጣውን ራሴ ወሰድኩት። አራቱም ነከሱ፣ አራቱም ተፉ። አንዱ ከጢሙ ውስጥ ጠጠር ለቅሞ እንደ ወርቅ እያዟዟረ አሳየ። እግሬ ሥር የወደቀውን፣ እነሱ አኝከው የተፉትን ቂጣ እኔ ለቀምኩ። አባቴ አፉን በጋቢው ጠርጎ፣ "ወላሂ፣ የልጅ ጨዋታ ነው!" አለ። በሕይወታቸው አንድ ቀን ድንጋይ ያልወቀሩ፣ መጅ ያልጨበጡ ሰዎች ፈረዱ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

አባቴ ሞኝ ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ። ግን አልነበረም። ባሕር ማዶ የተሠራ መቀስ ገበያ በወጣ በሳምንቱ ነው ገዝቶ የመጣው፤ አቡጀዲ ሲቆርጥ የሚውለው አውራ ጣቱ ውኃ ይቋጥርበት ነበራ! ከዚያ ወዲህ ዛሬ ፒያሳ ወደምንለው ሰፈር ስንት አዲስ ነገር ሲመጣ አየሁ። አንዱን ቁም ነገር፣ ሌላውን ቀልድ የሚያሰኘው ድካሙ የማን እንደሆነ ነው። ወገቡ ያልጎበጠ ሰው የወገብ ማቅኛ ቢያመጡለት ምን ያደርገዋል? ይስቅበታል።

ሌላ ሁለት ዓመት ያህል በእጃችን ፈጨን። ከዚያ የአንድ ትልቅ መኮንን ቤት እህሉን በበቅሎ እየጫነ ወደዚያው ወፍጮ ማመላለስ ጀመረ። አባቴ ይህን ባየ በሳምንቱ የእኛንም ላከ። በረንዳው ላይ፣ "እኔ ድሮም ብዬ ነበር" ሲል ሦስቱ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የምሳውን ሰሃን ፊታቸው ላይ ብደፋው ምን ነበረበት? ዛሬም ይቆጨኛል።

ዱቄቱ ቤት ሲደርስ ጠጠር የለው፣ ምን የለው፣ የላመ ነበር። እናቴ ቡሃቃውን አቅርባ ልታቦካ ተቀመጠች። ቀኝ እጇ ግን አልጨበጥ አላት፤ ሊጡ በጣቶቿ መሃል እየሾለከ ይመለሳል። በግራዋ ልታግዘው ሞከረች። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ ምስጋና እየጠበቀ፣

"ይኸው ዱቄትሽ መጣልሽ። ከእንግዲህ ምን ጎደለሽ?" አላት።

"እጄ" አለችው።

ቀልድ መሰለው። በማግሥቱ ለጓደኞቹ አወራላቸው።